ለገሳይ የቀረው ሁለተኛው ስፒከር

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። ስሙን በስህተት የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

«የስፒከሩ ሰይድ ነው ሞተ ያልከኝ?»
«አዎ መምህር፤ እሱ ነው።»

ትናንት እኮ ሱቁ በር ላይ ቆመን ስንሳሳቅ ነበር። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው። እኔ ግን እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቁት፦ ሰይድ እዚህ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ስፒከር ይሸጥና ይጠግን ነበር። ዝም ብሎ ግን አይሸጥም። «መጀመሪያ የምትሰማውን አምጣ» ይላል። አንድ የሐሙሲት ሙሽራ «በጣም የሚጮኸውን ስጠኝ» ቢለው፣ «ሙሽራዪቱን ልታስበረግጋት ነው? ፍላሽህን አምጣና መሰንቆው ይሰማ እንደሆነ እንይ» ብሎ መለሰው። ለመንዙማ ከበሮው ተቀባዮቹን የማይውጥበትን ይመርጣል። ለበገና ደግሞ ሳጥኑ ሰፋ ያለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ የማያፍነውን።

እኔ ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም አንድ ዐቢይ ጾም ሙሉ፣ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀቱ በተቀደደ ስፒከር በገና አዳምጫለሁ። ንዝረቱ የእንዚራው፣ ያቺ ከጅማቱ ሥር ገብታ ድምፁን የምታነዝረው ቁራጭ ቆዳ፣ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ለእንግዳ አመሰግነው ነበር!

ሰይድ ቤቴ መጥቶ ጥቂት ሰማና በገናውን አጥፍቶ ዜና ከፈተ። ዜና አንባቢውም ነዘረ።

«መምህር፣ ሰውየውም በገና ይደረድራል እንዴ? አንቱ ጾሙን ሁሉ የተቀደደ ወረቀት ሲያዳምጡ ከረሙ!»

ከዚያ ወዲህ ስፒከር ሲፈትሽ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ። ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው፦ «እስኪ መጀመሪያ ሰው ይናገርበት።»

አሁን ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የወይዘሮ ትሁን ሁለት ስፒከሮች አሉ። ከዚህ ወጣ ብላ ያለችው የገሳይ ከተማ ሰው ናት። ሟች አባቷ በገና ሲደረድሩ የተቀዳ አንድ ካሴት አላት፤ ሰይድ ጾሙ ሳይገባ ጥርት አድርጎ ሊያሰማት ቃል ገብቶላት ነበር። አንዱ ስፒከር ተሠርቶ አልቋል። የሁለተኛው ወረቀት ገና አልተለጠፈም።

ለቅሶው ላይ አንድ ሰው «ሌላ ትገዛለቻ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግር አለው። እነዚህ የተመረጡት ለዚያ ካሴት ነው።

ባለቤቱን ዘይነባን አስፈቀድኩ። «እርስዎ ይጨርሱት፤ እሱ ያልተፈተሸ ነገር ከሱቅ አያወጣም ነበር» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሰኞ ጠዋት እጀምራለሁ።

ሰይድ፣ ወረቀቱን እንዳሳየኸኝ ዙሪያውን እኩል እለጥፈዋለሁ። ሙጫው እስኪደርቅ አልነካውም። ካሴቱ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው «በስመ አብ» ይላሉ፤ በገናው ከመግባቱ በፊት በዚያች እፈትሸዋለሁ። የሳቸው ድምፅ ከነዘረ ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ። የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ፣ ፍተሻውን ሳያልፍ ገሳይ አይሄድም።

የበገናውን ንዝረት ከወረቀቱ መለየት አንተ አስተምረኸኛል። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።