ልጄ ማንን መረጠች?

ስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ስላገባሁ ነው መሰለኝ፣ የተማረ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ባለፈው አሶሳ ጤና ጣቢያ የገጠመኝ ግን አስለፈለፈኝ።

ለሥራ ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት የምክር ባለሙያ፣ የሕፃን አእምሮ ከእናት ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር እኛን እናቶች አስተማረን። ከዚያ "እንሞክረው" ብሎ የአንድ ዓመት ልጄን ቃልኪዳንን ለማታውቃት ሴት ሊሰጥ ፈለገ። የመረጠው ጎረቤቴን እማማ ሀዋን ነው! እሳቸው እንደ አካባቢው ሴቶች ቶብ፣ እኔ ነጠላ ስለለበስን የማንተዋወቅ መስሎታል። ገበያ ስውል ልጄን የሚያዝሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ላስረዳው ስል "እስክጨርስ ዝም!" ብሎ አስወጣኝ። ስመለስ ቃልኪዳን የእማማ ሀዋን አምባር እያኘከች ትስቃለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

"አየሽ እህቴ፣ ትስስራችሁ ተጎድቷል" አለኝ በሐዘኔታ። እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ስህተቱን እያወቅሁም ሆዴ ባባ፤ ቀኑን ሙሉ ትቻት ስውል ረስታኝ ቢሆንስ?

"ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይያዟት" አልኩት ሳላስበው።

ገና ሲያቅፋት ጩኸቷን አቀለጠችው። እማማ ሀዋም እኔም እኩል እጃችንን ዘረጋን። ቃልኪዳን ሁለታችንንም አየችና ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው ዝም አለች። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

እማማ ሀዋ ወገባቸውን ይዘው "ከሃዲ!" አሏት እየሳቁ። "ጠዋት ገንፎ ማን አጎረሰሽ?"