ሰባት እሁድ «ደህና ነው»

አባቴን ከቀበርን በኋላ በነበሩት ሰባት እሁዶች «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔም አላውቅም። ብቻ ደክሞኛል። ዛሬም ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ደህና ነሽ?» ሲለኝ ቶሎ መመለስ ያቅተኛል።

ታናሽ ወንድሜ እንደ ብዙው የሆሳዕና ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሱቅ ውስጥ ብቻውን ይሠራል፣ እዚያው ያድራል። አባባ ሲሞት ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ ተመካከሩና መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ? አንድ የሺንሺቾ ዘመዳችን እዚያው አገር፣ ግን ሩቅ ከተማ፣ ይነግዳል። እሱ ሥራውን አስተካክሎ፣ ሰው አስከትሎ፣ በአካል ሄዶ ይንገረው ተባለ። እስከዚያ ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? አስተማሪዋ። አይ እኔ! ልጆችን «አትዋሹ» እያልኩ ደሞዝ የምበላ ሰው።

እሁድ ከቸርች እንደተመለስን ይደውላል። «አባባ እንዴት ነው?» ይላል። ደህና ነው እላለሁ። ምግብ ይበላል? ደህና ነው። ሳሉስ? ደህና ነው። ገጠር፣ ሌሞ ያለውን እንሰቱን ዞሮ ያያል? ደህና ነው አልኩህ እኮ። ሌላ አልጨምርም፤ ውሸት አጭር ከሆነ የሚያንስ መስሎኝ ነበር። አቅርቢልኝ ሲል ተኝቷል እለዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ካሜራ አብሪ ይለኝ ነበር፤ ኔትወርክ የለም አልኩት። ዕድሜ ለኔትወርክ፣ ያላጠፋውን ሁሉ ተሸከመልኝ። ከዚያ ወዲያ ተወው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። አንድ ቀን አንቺም ሰላም በዪው ብዬ ስልኩን ብዘረጋላት ፊቷን አዞረች።

ሦስተኛው እሁድ ላይ ይመስለኛል፣ «ደህና» ብዬ ስጀምር ቃሉ አፌ ውስጥ ባዕድ ሆነብኝ። ደህ። ና። ምን ማለት ነው? የማን ቋንቋ ነው? ድምፁ ይሰማኛል፣ ትርጉሙ ግን የለም። ሰኞ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ ላጠና ባልደረባዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ማንኛውም ቃል ሲደጋገም እንዲህ ነው፣ አእምሮ ይሰለቸውና ድምፁ ብቻ ይቀራል አለ። «ወንበር» የሚለውን ሃምሳ ጊዜ ብዪው አለኝ። ባዶ ክፍል ገብቼ አልኩት፤ እውነቱን ነው፣ ወንበርም ጉድ ሆነ። ግን ወንበር ወዲያው ተመለሰ፣ «ደህና» አልተመለሰም። በሀዲይኛ ብሞክረው ሁለት እሁድ ረዳኝ፤ ከዚያ እሱም ተበላ። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ፣ ቃልም እንደዚያው ነው። የከፋው ደግሞ አባባን ራሱን ማሰብ አቃተኝ። ፊቱን ላስታውስ ስል ያ ቃል ይቀድመኛል። ከድንኳኑ ወዲህ አንድ ቀን አላለቀስኩም፤ የሰው አባት የሞተ ይመስል።

በስምንተኛው ሳምንት ቅዳሜ የሺንሺቾው ዘመዳችን ደውሎ መርዶው ተነግሯል አለን። በማግስቱ ወንድሜ ሲደውል አነሳሁት፤ እናቴም እንድትሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ለካ ከሁለተኛው እሁድ ጀምሮ ያውቃል። ጎረቤት ሱቅ የሚሠራ የአገራችን ልጅ፣ የጊምቢቹ ሰው፣ የቀብሩን ፎቶ ስልኩ ላይ አሳይቶታል። ካሜራውን የተወው ለዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ ኔትወርኩን ያመነልኝ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ታስዋሸኛለህ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት ምን በድዬህ ነው አልኩት።

«አንቺ ስትዪው ደህና ይሆንልኝ ነበር» አለ። «እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ሰባት እሁድ ሙሉ ሳላስበው ይወጣ የነበረው ቃል እምቢ አለኝ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ደህና ነው፣ ልጄ» አለችው።

ያኔ ነው ሦስታችንም ያለቀስነው።