ለመንገድ የሚበቃ
«ሮድወርዚ» ማለት ለመንገድ የሚበቃ ማለት ነው። አዲስ ወይም ቆንጆ ማለት አይደለም፤ ፍሬኑ ከያዘ፣ መብራቱ ከበራ፣ ለዛገ ቆርቆሮም ይባላል። የሚባለው ለተሽከርካሪ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ቢቸና እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያጠፋሁት።

ከቢቸና ሞጣ እህልና ሰው የሚያመላልሱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ግን ዶሮ እንኳ ገጭተው አያውቁም። አንድ የገበያ ቀን ከጋቢና አስወርደውኝ ቦታዬን ለአንዲት አራስ ሰጡ። እኔን፣ ከረባት ያሰርኩትን መምህር፣ ጤፍ ጆንያ ላይ! ያውም ተማሪዎቼ እያዩኝ! ሞጣ እስክደርስ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ተመርምራ የእንግሊዝኛ ወረቀት ተሰጣት። ባለቤቷ የሞጣ ነጋዴ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ትምህርት ቤት መጣና «መምህር፣ ምን ይላል?» አለኝ። «ሮድወርዚ» የሚለውን ቃል ፈታሁለት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ምላስ አጥንት የላትም፤ «መኪናዋስ በቅታለች፤ ያልበቁት ሾፌሩ ናቸው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና «እስቲ በጽሑፍ ያድርጉልኝ» አለ። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። ዲሬክተሩ ስላልነበረ የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከመሳቢያው አውጥቼ መታሁበት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ቁልፋቸውን ተቀሙ።

እኔ የጻፍኩትን ወረቀት በመሐረብ ጠቅልለው ቤቴ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በራፌ ላይ ቆሙ። «የኔ ጌታ፣ ዕድሜ ልኬን ከመሪ ሌላ የያዝኩት የለም። እርሻ የለኝ። ባለመኪናው ‹መምህሩ ከሰረዙት እመልስሃለሁ› ብሎኛል። አንዲት መስመር ይጻፉልኝ» አሉ።

አንዲት መስመር! ግን ለመሰረዙም ማኅተም ሊጠየቅ ነው፤ ዲሬክተሩ ደግሞ ተመልሷል። የመጀመሪያውን ማን ፈቀደልህ ቢለኝስ? ለእንጀራዬ ፈራሁ።

«ጋሼ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ አንዴ ማኅተም ካረፈበት አይሰረዝም» አልኳቸው።

የዚያ አገር ሰው ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንደ ግዝት ነው የሚፈራው። አመኑኝ። ወረቀቱን መልሰው በመሐረቡ ጠቀለሉ።

«ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ! እውነቱን ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥዎ» ብለው ትከሻዬን ስመው ሄዱ።

በሩን ከኋላቸው ዘጋሁና እፎይ አልኩ።