የቃሬዛ ዋስ

እንየው በየማለዳው ከቤቱ ወጥቶ አጥሩ ጥግ ይቆምና ያስላል። ቦታውን አስቦበት ነው የመረጠው። ወደ ወንዝ የምትወርደው መንገድ በዚያ ስለምታልፍ ውኃ የሚቀዳም ሆነ ከብት የሚነዳ ሳይሰማው አያልፍም። በትሩን ተመርኩዞ፣ ደረቱን በግራ እጁ ደግፎ፣ አንድ መንገደኛ ቆሞ «እንዴት አደርክ እንየው፣ ደረትህስ?» እስኪለው ድረስ ያስላል። ሲጠየቅ «ይመስገን፣ ዛሬስ ነፍሴ ተመልሳለች» ይላል። ይህንንም የሚለው ነፍሱ ነገ ሳትመለስ ልትቀር እንደምትችል በሚያስታውቅ ድምፅ ነው። ከዚያ ይገባና ባለቤቱ ፋንቱ ያቀረበችለትን የገብስ ቂጣ ጠርጎ ይበላል። ምግብ ላይ ደረቱ አስቸግሮት አያውቅም።

ይህ ደረት ብዙ ሥራ ሠርቶለታል። ጭቃ ሹሙ ሰው ለመንገድ ጠረጋ ሲያስወጣ እንየው ይቀራል። ደቦ ሲጠራ የእንየው ማጭድ ከማገር ላይ አይወርድም፣ እሱ ግን ምሳ ሲቀርብ ደርሶ አጫጆቹን ይመርቃል። ሰው ታሞ ቃሬዛ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቃሬዛ ማለት ሁለት አጠና በጠፍር ተወጥሮ አራት ሰው በትከሻው የሚሸከመው ነው። ያ የገደል አገር ሕመምተኛውን ሁሉ ከወጌሻም ከጠበልም የሚያደርሰው በዚሁ ነው። የመንደሩ ወንድ በሙሉ በየተራው ትከሻውን ሲሰጥ እንየው ከኋላ ይከተልና «ቀስ በሉ፣ አታንገጫግጩት» እያለ ይመክራል። ሰው ለምዶት ነበር። አንዳንዱማ እሱ ከኋላ ካልተናገረ ቃሬዛው የተነሣ አይመስለውም።

ካቻምና ሴት ልጁን አበራሽን ምጥ ጠናባት። እንየው ከልጁ ባል ደጅ ላይ ተንበርክኮ፣ አዋላጆችና ጎረቤት እየሰሙ፣ «ግሼን ማርያም፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ለጥር አስተርእዮ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እሳለማለሁ» ብሎ ተሳለ። ምንም ነገር በለሆሳስ ማድረግ የማይችል ሰው ነውና ስለቱን ያልሰማ አልነበረም። እናትም ልጅም ተረፉ። አምና አስተርእዮ ደረሰ፣ እንየውም ደረቱን ምክንያት አድርጎ ቀረ። እመቤታችን እንደ ጭቃ ሹሙ ሰሚ እንደምትሆን ተስፋ አድርጎ ነበር። ዘንድሮ ግን አበራሽ ዳግመኛ ፀነሰች፤ የምትወልደውም ለየካቲት ነው። ስለቱን የበላ አባት ያላት ልጅ ምጥ ላይ ምን እንደሚያገኛት ማንም አልነገረውም፣ መንገርም አላስፈለገም። በዚያ ወራት ከእንቅልፉ የሚያባንነው ደረቱ አልነበረም።

ከመንደሩ ግሼን የሚሄደው ማኅበር ለራሱ ሕግ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋለ የሚባል ተጓዥ በበሽሎ ወንዝ በረሃ ወድቆ ሞተ። የሚሸከመው ጠፍቶ፣ ፍትሐት ሳያገኝ፣ አሸዋ ላይ ተቀበረ። ሚስቱ ከማኅበሩ ጋር እስከ ዛሬ አትነጋገርም። ከዚያ ወዲህ ተጓዥ ሁሉ ከማኅበርተኛው መካከል አራት የቃሬዛ ዋስ እንዲጠራ ተወሰነ። ዋሶቹ በማኅበርተኛው ፊት ይምላሉ፤ ዋስ የሆኑለት ሰው ከበሽሎ ወዲህ ከወደቀ ወደ መንደሩ ሚካኤል ሊመልሱት፣ ከበሽሎ ወዲያ ከወደቀ ግሼን ሊያደርሱት። መሐል ወንዝ ላይ ለወደቀ ምን እንደሚደረግ ብዙ ተከራክረው ሳይጨርሱ ጠላው አለቀ። ሕጉ ደግ ሕግ ነው። ወጣትና ጤነኛ የሆነ ሁሉ አራት ዋስ ቢጠራ ስምንት ይነሣለታል።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ማኅበሩ በመሪው፣ በሙሴው በአቶ ይግዛው ቤት ተሰበሰበ። እንየው ከመደቡ ተነሥቶ ዘንድሮ እንደሚጓዝ ተናገረ።

«ደግ ነው፤ ዋስህን ጥራ» አሉ ይግዛው።

«ሞላን ጠርቻለሁ።»

የተጠራ ሰው ተነሥቶ «ሆኛለሁ» ይላል። ሞላ የእንየው የድንበር ጎረቤት ነው፤ አልተነሣም።

«እንየው፣ በክረምት ለአረም ስጠራህ ምን አልከኝ?»

«ምን አልኩህ?»

«'ካጎነበስኩ አልነሣም፣ ከማሳህ ላይ ሬሳዬን እንዳትለቅም' አልከኝ። ከማሳዬ ለማንሣት የፈራሁትን ሬሳ በሽሎ ወርጄ ላንሣው?»

«ያኔ ብርድ ነበር።»

«በሽሎስ ሙቀት ነው፣ ለደረት ይስማማል» አለ አንዱ ከጥግ። ሳቁ ሲበርድ እንየው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ጆሮውን ስላቆመ መጥረጉን ወዲያው ተወው።

«ደምሌን ጠርቻለሁ።»

ደምሌ በእናቱ በኩል የሚዛመደው ሰው ነው። ተነሣ፣ ግን «ሆኛለሁ» አላለም።

«በያመቱ ዓቢይ ጾም ሲገባ ትናዘዝልኛለህ። 'ፋሲካን አላየውም፣ ቀዩ በሬ ላንተ ይሁን' ትለኛለህ። እኔም ፋሲካ በመጣ ቁጥር በሬውን በሩቅ አይቼ እመለሳለሁ። አሁን በሬህን የሚጠብቅ ሰው ዋስ ሲሆንህ ለማኅበሩ ያምራል?»

«ያሳማናል» አሉ ይግዛው በከባዱ።

እንየው ሌላ ሁለት ሰው ጠራ። አንዱ ደረቱን ሰበብ አድርጎ የቀረበትን ደቦ ቆጠረለት፣ ሌላው ወደ ጠላው ዞረ። የገዛ ቃሉ እንዲህ ተጠብቆ ይቀመጥልኛል ብሎ ጠርጥሮ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የሚያዝንለት የመሰለው ሰው ለካ ምስክር ሆኖ ኖሯል።

በሳምንቱ አርብ ገበያ ወረደ። ይማም በበቅሎ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ በሽሎን የሚሻገር ነጋዴ ነው። እህል ተራ ጥግ ጭነት ሲያስር አገኘው።

«በበቅሎህ አስቀምጠኝ አላልኩህም፤ የግሼን ስለቴ በእግር ነው። ምናልባት ከወደቅኩ እንድትጭነኝ ነው» አለው።

ይማም ጠፍሩን በጥርሱ አጥብቆ አሰበ። «ጋሽ እንየው፣ ካልወደቁ እጭንዎታለሁ። ከወደቁ አልጭንዎትም።»

«ሳልወድቅ ምን ያደርግልኛል?»

«ምንም። ግን በደስታ ነው የምጭንዎት። ታመው ጭኜዎት በረሃ ላይ ቢያልፉብኝ ዘመድዎ 'እስላሙ ነጋዴ የት ጣለው' ብሎ አውራጃ ፍርድ ቤት ያቆመኛል። ጤና ሆነው እስካሉ ድረስ ግን በቅሎዋ የራስዎ ናት። ሲያምዎት ብቻ ይወርዳሉ።»

እንየው ነገሩን እያላመጠ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከየትም የሚያገኘው ዋስ አንድ ዓይነት ነው፤ እስካላስፈለገ ድረስ የሚያገለግል።

ፋንቱ ሁሉንም ሰማችው። ለባሏ ጥሬ እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጌታው፣ ታዲያ ለምን አይድኑም?»

«እንዴት ብዬ?»

«ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነው። ሰው ሁሉ ይድናል። ደረትዎን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ ብዙ አያስቸግርም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጣ ነበር። በታኅሣሥ ሱባኤ ገባ። ከጠበሉ አፍ ላይ የሚያጠምቁት መምሬ ወርቁ የሕመሙን ዓይነት ሲጠይቁት ደረቱን እንደሆነ ነገራቸው። ሰባት ቀን ሙሉ በረዶ የመሰለውን ውኃ በደረቱ ላይ አፈሰሱበት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ያሳለው ያን ሳምንት ነው። እንደ ምንም ዋጠው። ሲወጣ ድኛለሁ ብሎ መሰከረ፣ መምሬ ወርቁም እልል አስባሉለት።

በተመለሰ በማግስቱ ማለዳ ከቤቱ አልወጣም፤ አላሳለም። ፀሐይ ሳይሞቅ ጎረቤቱ ዓለሚቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አንጀቷን ይዛ መጣች።

«ፋንቱ እህቴ፣ ሌሊት ነው ያለፈው?»

«ማን?»

ዓለሚቱ እንየው ቂጣውን ሲጎርስ አየችና ነጠላዋን አስተካከለች። «ድምፅ ቢጠፋብን እኮ ነው» አለች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ደረሱ። እነሱም ላለማፈር ቁጭ ብለው በሉ።

መዳኑ እንዲህ በመንደሩ ሁሉ ታወቀ። ያም ሆኖ ዋስ የሚሆን አልተገኘም። ሞላ «አየነው፣ ሰማነው፤ እስቲ እንየው ራሱ ያሳየን» ሲል ዋለ። የሚታይበት ቀን ደግሞ አልዘገየም። ገብሬ የሚባል ጎልማሳ ገብሱን ሊከምር ከእርከን ሲወርድ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው የሚኖረው ከአምባው ማዶ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ጫፍ ድረስ ዳገት ነው፣ ከዚያ እስከ ታች ቁልቁለት። ቃሬዛው ሲነሣ እንየው እንደ ልማዱ ከኋላ ቆመ። ሞላ የአጠናውን ጫፍ ይዞ ተመለከተው። እንየው መጥቶ ትከሻውን ሰጠ።

ዳገቱን ሲወጡ ሰው ሁሉ የገብሬን እግር ትቶ የእንየውን ደረት ያዳምጥ ነበር። ምንም አልተሰማም። ወጣቶቹ ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ፣ እሱ ግን ሳይቀየር ጫፍ ደረሰ። ወዙ እንደ ጥማድ በሬ ቢያብረቀርቅም ትንፋሹ አልተቆራረጠም። ከኋላ ኋላ የሚከተሉት አቶ ይግዛው «ጃንሆይ ይሙት፣ ይህን ደረት አምላክ ለኔ ቢሰጠኝ» አሉ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እንየው እርምጃውን ቀነሰ። ትንሽ ወርደው ቀኝ ጉልበቱ ከዳው፣ አጠናውን እንደ ተሸከመ ቁጭ አለ። ቃሬዛው አዘነበለ፣ ገብሬም እየተንሸራተተ ወደ እሱ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ የተሰበረው እኮ የኔ እግር ነው» አለ ገብሬ ጥርሱን ነክሶ።

አስቀመጡት። ጉልበቱን ገልጠው ሲያዩት እንደ ቅል አብጧል፤ የዛሬም የትናንትም እብጠት አይደለም። ይግዛው ጎንበስ ብለው ዳሰሱት።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቆየ። ዳገት ምንም አይለኝም። ቁልቁለት ነው የሚገድለኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ደረቴን ስትል?»

እንየው ወደ ሜዳው አየ። «ጉልበት ማንን አያመውም፣ ጋሼ? አንቱንም ያምዎታል። ሞላንም ያመዋል። ጉልበቴን ብል ከደቦ ማን ያስቀረኝ ነበር?»

አባባሉ እውነት ነበር፤ በዚያ አገር ከጎልማሳነት ያለፈ ወንድ ሁሉ ጉልበቱን እያመመው ነው የሚያርሰው። ሞላ አጎንብሶ የራሱን ጉልበት ሲያሽ ተገኘ።

«ግሼን መሄድ አለብኝ» አለ እንየው። ድምፁ እንደ ወትሮው ለመንገደኛ የሚሰማ አልነበረም። «ልጄ ለየካቲት ናት።»

ገብሬ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ወጌሻው ሩቅ እንዳልሆነ ቢያስታውስም እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ሸንጎ ተቀመጡ። ይግዛው ነገሩን መረመሩ። ደረት ሰው ይገድላል፤ ለሚሞት ሰው ዋስ መሆን ከባድ ነው። ጉልበት ግን ሰው አይገድልም፣ ያስነክሳል እንጂ። ለሚያነክስ ሰው ዋስ የማይሆን ማን ነው? ደምሌ ብቻ ትንሽ አዘነ፤ ቀዩን በሬ እያሰበ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም «ሆኛለሁ» ለማለት የመጀመሪያው እሱ ሆነ። ሞላ ሁለተኛ ተነሣ። ሌሎች ሁለት ተከተሉ፤ አራቱም እጃቸውን የገብሬ ቃሬዛ ላይ አኑረው ማሉ።

«ነገር ግን» አሉ ይግዛው፣ «ዳገት እንደሚችል አይተናል። ስለዚህ ቁልቁለት ሲሆን ሁለት ሰው ይደግፈዋል። ዳገት ሲሆን ደግሞ የማኅበሩን ቃሬዛ፣ ባዶም ይሁን ሰው የተኛበት፣ እሱ ይሸከማል። መንገዱ በሽሎ ወርዶ የሚወጣ ነውና ተራው እኩል ነው።»

እንየው ለመሳል ያህል አፉን ከፍቶ ነበር። ዙሪያውን አየና ዘጋው።

በእንየው ቦታ ሌላ ሰው ገብቶ ገብሬን ከወጌሻው አደረሱት። ማኅበሩ የሚነሣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጥር አሥራ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የገብሬ ገብስ መወቃት አለበት። በማግስቱ ማለዳ ሞላ ለውቂያው ደቦ ሲጠራ የጀመረው ከእንየው ደጅ ነው።