ከአንሶላው መደርደሪያ ጀርባ

የሆስፒታሉ አናጢ ትክክለኛ ስሙ ያለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሚስማር ነው። ሲሠራ ሦስት አራት ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው፤ አዲስ የመጣ ሐኪም ሁሉ "ጋሼ፣ ኋላ ይውጡትና ሥራ እንዳያበዙብን" ሳይለው አያልፍም። ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር እስኪቀረው ድረስ አንድም ሚስማር አልዋጠም። የዋጠው አንድ ወሬ ነበር። እሱም ሆዱ ውስጥ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ግን እነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ከሠላሳ ዓመት ሥራ የበለጠ አስረጅተውታል።

ሰውየው አንድ አመል አለው። በሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ፣ በማይታየው ወገን፣ በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ለማን እንደሠራው፣ ደስ ካለውም አንዲት ቃል። የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ቢኖር "ለአዲሱ አለቃ። ከበፊተኛው ይሻል ይሆናል" የሚል ያገኛል። እስካሁን ማንም አልገባም፤ ለእንጀራው በጀው።

ሚስቱ የአንሶላ ክፍሉ ኃላፊ ናት። የሆስፒታሉ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የቀዶ ጥገና ልብስ ሁሉ በእሷ እጅ ታጥፎ በእሷ ቁልፍ ይወጣል። ነርሶቹ እትዬ ሹራብ ይሏታል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠች ያንን ቡናማ ሹራብ ከትከሻዋ አታወርድም።

የተዋወቁትም በብርድ ምክንያት ነው። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ከወንበሯ ጀርባ መስኮት ነበር፤ ክፈፉ ተጣሞ አልገጥም ስላለ ነፋሱ ማጅራቷን ይገርፋታል። ደጋግማ አመልክታ ሰሚ ስታጣ አናጢው ዘንድ ራሷ ሄደች። "አንተ፣ መስኮቱን ትሠራልኛለህ ወይስ ሞቼ ሳጥኔን?" አለችው። በማግስቱ ክፈፉን ከነመስታወቱ ነቅሎ ሰፊ ጣውላ ለክቶ ቆረጠና መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ደፈነው፤ የግድግዳውንም ቀለም ቀባው። ከዚያ ቀለሙ መድረቁን ለማየት ሦስት ቀን ተመላለሰ። ቀለሙ በግማሽ ቀን እንደሚደርቅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ግን አላነሡትም። በዓመት ከመንፈቁ ተጋቡ።

ጣውላው ላይ የአንሶላ መደርደሪያ ተደገፈ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሕንፃውን ፊት ያደሱ ለሳኞች መስኮቱን ከውጭ በኩል በሽቦ መረብና በስስ ልስን ሸፈኑት። ከውስጥ መደርደሪያ፣ ከውጭ ልስን ሆነና መስኮቱ ከሰው ሁሉ ልብ ጠፋ፤ ከአናጢውም ጭምር።

ሆስፒታሉ እየጠበበ ሄደ። እናቶች ከመብዛታቸው የተነሣ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እግርና ራስ ይተኛሉ። ስለዚህ ከአሮጌው ሕንፃ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጋጠመ ማስፋፊያ ተሠራ፤ ፎቁ ላይ ሠላሳ አልጋ ያለው የወሊድ ክፍል። የአናጢው አንድያ ልጅ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ወደዚያ ከሚዛወሩት ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ሥራ ሊጀመር ሲል ግን ከእሳት ደህንነት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣችና፣ የኮሪደሩ በሮች በራሳቸው አይዘጉም ብላ ሳትፈርም ሄደች። ደንቡ የሚጠይቃቸው በሮች ታዘው እስኪመጡ አምስት ወር አለፈ። አምስት ወር ሙሉ ሠላሳ አልጋ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆመ፤ እናቶቹም በአሮጌው ክፍል እንደተጣበቡ ወለዱ።

ለሁለተኛው ቁጥጥር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የማስፋፊያው መሐንዲስ የመውጫ ምልክቶችን እንዲሰቅልለት አናጢውን ጠርቶ ፕላኑን ዘረጋለት። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ወፍራም ቀይ መስመር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አናጢው።

"የእሳት ግድግዳ ነው ጋሼ። አንዱ ወገን ቢቃጠል ሌላው ሁለት ሰዓት ሳይነካ ይቆያል፤ እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ይወጣል። አሮጌው ግድግዳ ድፍን ድንጋይ ስለሆነ አዲስ መገንባት አላስፈለገንም። ስንት ድካም እንደተረፈን!"

አናጢው በቀዩ መስመር ላይ ጣቱን እያስኬደ መጣ። ደረጃውን አለፈ፣ መድኃኒት ክፍሉን አለፈ፣ አንሶላ ክፍሉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። መስመሩ ግን አልቆመም፤ ድፍን ሆኖ ቀጥሏል። ፕላኑን ያነሡት ሰዎች አንሶላ የሞላ መደርደሪያ አይተው፣ ከጀርባው ግድግዳ ነው ብለው አልፈዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? በልስኑ በኩል ደግሞ አሁን የሽቦና የቧንቧ ማለፊያ አለ፤ ከምድር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ወሊድ ክፍሉ ኮርኒስ የሚወጣ ጠባብ ባዶ ቦታ። ከወዲህ እስከ ጣሪያ የተከመረ ጥጥ፣ ሁለት ካውያ፣ ሚስቱ። ከወዲያ፣ ከፍ ብሎ፣ ልጁ ልትሠራበት ያለው ክፍል። በመካከላቸው ያለው የእሱ ጣውላ ብቻ ነው። ላብ አጠመቀው።

"አመመዎት እንዴ ጋሼ?"

"አይ፣ ምሳ ስላልበላሁ ነው" አለ። በልቷል።

ለምን ያኔውኑ አልተናገረም? ይህን ጥያቄ ራሱም ራሱን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠይቋል። ያን ዕለት ሊናገር ነበር። ግን ልጁ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርወር አደረገችና፣ "አባዬ፣ ዛሬ አንዲት እናት አልጋ አጥታ ምጧን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አሳለፈችው። ሐሙስ ሳምንት ካልተፈረመልን ሌላ አምስት ወር አልችልም፤ ሥራውን ጥዬ ነው የምሄደው" አለችው። ታዲያ በየትኛው አፉ ይናገር? ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተገኘ ማለት ለእሱ ሌላ አምስት ወር ማለት ነው። በዚያ ላይ ጣውላው የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ያውም በጡረታው ዋዜማ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ጣውላው ወፍራም ነው፣ ሚስቴ ካውያ ሳትነቅል አትወጣም፣ ሃያ ሰባት ዓመት ምን ሆነ እያለ ራሱን ሲያባብል ሰነበተ። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ማውራቱን እንኳ ተወ፤ ነርሶቹ በእርግጥ ታሟል ያሉት ያኔ ነው። ሚስቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው በየቀኑ ሌላ ሌላ በሽታ ይነግራታል፤ ሰኞ ወገቤን፣ ማክሰኞ ጥርሴን። ረቡዕ የሚታመም አካል አለቀበትና "ዝም ብሎ ነው" አላት።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፈገግታ የማታበዛ፣ ባትሪ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። የእሳት ደወሉ ተሞከረ፤ የኮሪደሩ በሮች አንድ በአንድ በራሳቸው ተዘጉ። ዳይሬክተሩ አንድ በር በተዘጋ ቁጥር የገዛ ልጁ ፈተና ያለፈለት ይመስል ነበር። አንሶላ ክፍሉ ገቡ። ሚስትየው በሹራቧ ሆና ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ተቆጣጣሪዋ ካውያዎቹን አየች፣ የእሳት ማጥፊያውን አየች፣ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ለቀቀችው። መደርደሪያውን ግን አልነካችውም። "እዚህ ጥሩ ነው" ብላ ወጣች። አናጢው እፎይ ማለት ሲገባው መደርደሪያውን ዞሮ ዞሮ እያየ ተከተላቸው።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አነሣች። የአናጢው ልጅ ከሌሎቹ አዋላጆች ጋር በር ላይ ቆማ፣ እልል እንዳትል ይሁን እንዳታለቅስ፣ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አናጢው ቁርጡን ያወቀው ያቺን እጅ ሲያይ ነው። ያቺ እጅ እዚያ ፎቅ ላይ ሕፃን ይዛ ጭስ ከኮርኒሱ ሲወርድባት ታየው።

"እመቤቴ፣ አይፈርሙ" አለ።

"ጋሽ ሚስማር!" ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ምን ሆነዋል?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ የለም። ከመደርደሪያው ጀርባ መስኮት ነው። በጣውላ የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን ከደነችው። "ያሳዩኝ" አለች።

ጉድ ፈላ። አንሶላው ተራገፈ፣ መደርደሪያው ተጎተተ። አናጢው ራሱ ካቻቢቴ ይዞ ብሎኖቹን ፈታ፤ ስለቸኮለ የሁለቱን አናት አበላሸ። ጣውላው ሲነሣ ተቆጣጣሪዋ ባትሪዋን ወደ ተሰነጠቀው ልስን አበራች፤ ብርሃኑ በስንጥቁ አልፎ ቧንቧዎቹ ላይ አረፈ። በብዕሯ ጫፍ ነካ ብታደርገው ልስኑ ተርገፈገፈ። መሐንዲሱ አንዴ ፕላኑን አንዴ ቀዳዳውን ያያል።

ተከትለው የገቡት ነርሶች ግን ጣውላውን ገልብጠው ኖሮ፣ አንዷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ከላይ ቀኑ አለ። ከሥሩ፣ "ለሚበርዳት ልጅ። ከእንግዲህ አይበርድሽም።"

እዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቁ ገነፈለ፤ ተቆጣጣሪዋም ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች። ሚስትየው ጽሑፉን ያየችው ያን ቀን ነው። አንዴ ባሏን አየችና ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

"እሺ፣ ስንት ወር?" አለ ዳይሬክተሩ፣ በደከመ ድምፅ።

"የምን ወር?" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ይሄ እንደ በሮቹ ታዝዞ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ድፍን አድርጋችሁ ገንቡት፤ ዳር ዳሩን እሳት በማያሳልፈው ማሸጊያ ድፈኑት፤ ሥራውን በየደረጃው ፎቶ አንሡልኝ። ሰኞ ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ።" ከዚያ ወደ አናጢው ዞረች። "ከፈረምኩ በኋላ ቢገኝ ኖሮ ግን ሕንፃውን በሙሉ ነበር የምዘጋው። ያኔ ነው ወር መቁጠር ጋሼ።"

አናጢው የአንሶላው ክምር ላይ ዘፍ አለ። አራት ቀን! ለአራት ቀን ነገር ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ አጥቶ፣ ወገቤን ጥርሴን ሲል ከርሞ! ሳቅ አፈነው፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ልጁ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ጉልበቱን ያዘችው።

"አባዬ፣ አምስት ወር የጠበቅሁ ሰው አራት ቀን ያቅተኛል? ምነው ያኔ ብትነግረኝ!"

"ሥራውን ጥዬ እሄዳለሁ ስትዪኝ!"

"አንተ ደግሞ! እኔ መቼ ያልኩትን አድርጌ አውቃለሁ?"

ግንበኛው በማግስቱ ጀመረ። አናጢው ከሥሩ አልጠፋም፤ ብሎኬት አቀበለ፣ ውኃ ቀዳ፣ ውኃ ልኩን በየረድፉ ራሴ ካላየሁ አለ። ግንበኛው በመጨረሻ ሰለቸውና "ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይገንቡት ወይ ይቀመጡ" ብሎ ተቆጣው። ቅዳሜ ግድግዳው ቆመ፣ እሑድ ተለሰነ። ሰኞ ከሰዓት ተቆጣጣሪዋ መጥታ በመዶሻ እጀታ አንኳኳችው፣ ዳር ዳሩን በባትሪ ፈተሸች፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ፈረመች። ማክሰኞ ጠዋት እናቶቹ በተሽከርካሪ አልጋ፣ ሕፃናቱ በአዋላጆቹ እቅፍ ሆነው በአዲሱ ኮሪደር ተሻገሩ። ልጁ ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች መጥታ "አባዬ፣ ሁሉም የየራሷ አልጋ አላት! አራት አልጋ ሁሉ ተርፎናል!" አለችው። የአናጢው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከዘጠኙ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሚስማር ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ሥራውን ቀጠለ።

ረቡዕ ግድግዳው ቀለም ተቀባ፤ መደርደሪያው ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሐሙስ ረፋድ ላይ አናጢው አንሶላ ክፍሉ በር ላይ ብቅ አለ።

"ምን ፈለግህ?" አለችው ሚስቱ።

"ቀለሙ መድረቁን ለማየት ነው።"

ሳቀች። እሱ ግን ሳይስቅ ቀረ፤ የሆነ ነገር ጎድሎባት ለአፍታ ሌላ ሴት መሰለችው። ሹራቡ ነው። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አዲሱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነውና።

"ሹራብሽን ምነው አወለቅሽው?"

"አልበረደኝማ።" አንሶላ ማጠፏን ሳታቋርጥ በአገጯ አሳየችው። "ከታች፣ በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ ጣውላህ አልገጠመም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነፋሱ ወገቤን ሲመታኝ ነው የኖረው፤ የውጪው ልስንም ስንጥቅ ነበርና አላስጣለኝም።"

"ሃያ ሰባት ዓመት?"

"ሃያ ሰባት ዓመት።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"መጀመሪያ፣ ያን ያህል ደስ ብሎህ ስትመላለስ አየሁህና አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ባሌ ሆንክ፤ የባሌን ሥራ ማን ዘንድ ሄጄ ላማ? ሹራብ ገዛሁ።"

ነፋስ ያስገባ ቀዳዳ ጭስ ለማሳለፍ ምን ይጎድለዋል? እሱ ዘጠኝ ቀን ዋጠው፣ እሷ ሃያ ሰባት ዓመት፤ አንዷ በፍቅር ሌላው በፍርሃት፣ በዚያው በአንድ ጣውላ ላይ። እሱ የዋጠው ብቻ መውጣቱ በቂ ሆኖ ተገኘ እንጂ! ከወንበሯ ጀርባ ዞሮ በጉልበቱ ተንበረከከና መዳፉን ከታች በግራ በኩል ጥጉ ላይ አደረገ።

"ያ የጻፍክልኝ ነገር እውነት የሆነው ገና አሁን ነው" አለችው፣ ከላዩ ሆና።

እጁን ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ምንም ነፋስ አልነበረም።