ቀርከሃ የለበሰው ዳስ

አሰብ ላይ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ቴክኒሽያን ሳለሁ አለቃችን ከደጋ አንድ ጭነት መኪና ሙሉ ቀርከሃ አስመጡ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ትልቅ እንግዳ መቀበያ ዳስ ሊሠሩበት ነው። አንድ መጽሔት ላይ ሥዕሉን አይተው ወደውታል። ቀርከሃው ግን ሳምንታት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ተሰጥቶ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ጥንካሬውን እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። «አረጋግጥ» ነው ያሉኝ፤ «ፈትሽ» አላሉም።

ቀርከሃውን በሁለት በርሜሎች ላይ አጋደምኩና ከመካከሉ የሲሚንቶ ከረጢት በገመድ ማንጠልጠል ጀመርኩ። አንዱን ቻለ። ሁለተኛው ሲጨመር ጎበጠ። ሦስተኛው ላይ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ፤ ሲሚንቶው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሌላ አመጣሁ፤ ያው ነው። ዘጠኝ ሰብሬ ሪፖርት ጻፍኩ።

አለቃዬ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ‹ተሰበረ› የሚለው ምንድን ነው?»

«ተሰብሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ ከረጢቱን እንዴት ሰቀልከው? በንዴት ነው?»

«በገመድ ነው።»

«‹መጠነኛ መጉበጥ አሳይቷል› ብለህ አርመው።»

አረምኩት፤ ፈረምኩበትም። ቋሚ ቅጥሬ ገና አልጸደቀም ነበር። ሰበቤ ይኸው ነው፣ የሚያኮራ አይደለም።

ዳሱን የሚሠሩት «አቦይ» የምንላቸው ከአስመራ የመጡ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ሪፖርቱን ሳነብላቸው ፊቴን አይተው ሁሉም ገባቸው።

«ሰው ከሥሩ ሊቀመጥ አይደል? እኔ በስተርጅና ነፍስ አላጠፋም» አሉ።

ከመጋዘን አሮጌ የብረት ቱቦ አውጥተው ምሰሶውንም ወራጁንም በቱቦ ሠሩት። ከዚያ ቀርከሃውን ለሁለት እየሰነጠቁ ቱቦውን አለበሱት፤ በሽቦም አሰሩት።

አለቃችን ሊጎበኙ መጡና አንዱን ምሰሶ በቀለበታቸው መታ መታ አደረጉት። ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ሰማህ? ብረት በለው!» አሉኝ።

አቦይ ጀርባቸውን ሰጥተው ሚስማር መፈለግ ጀመሩ።

እንግዳው በመጣ ቀን የባሕሩ ነፋስ ወንበር ሲገለብጥ ዳሱ ንቅንቅ አላለም። እንግዳው ተደነቁ። አለቃዬ ወደ እኔ ጠቁመው «በሳይንስ የተፈተነ ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ። እንግዳው ጨበጡኝ። እኔም እጅ ነሳሁ። አቦይን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ግብዣውም ላይ አልተጠሩም።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዬ በሹመት ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ሪፖርቴም እነሱም በቀርከሃ እንዲሠሩ ከነፊርማዬ ተባዝቶ ለየጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ተላከ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ተላላኪው ፖስታ ይዞ በገባ ቁጥር ከማንም ቀድሜ ተቀብዬ አገላብጥ ነበር፤ ዳሱ ማን ላይ ይሆን የወደቀው እያልኩ።