ለሮቦቱ ጆንያ የመሰልኩ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የቡናው ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። እግሬ ድኗል። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ቀስ እያልኩም ቢሆን የምጽፈው ለዚህ ነው።

የምሠራው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቡና ማዘጋጃ ውስጥ ነው። የገባሁት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ቡናው በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ እኛ ሴቶቹ ብልሹን ከደህናው እንለያለን።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት መሐንዲስ ሮቦት ይዞ መጣ። አራት ጎማ ያለው ጋሪ ነው፤ አናቱ ላይ ካሜራ ተተክሎበታል። የደረቀውን ቡና ወደ መጋዘን ያመላልሳል ተባለ። መሐንዲሱ ሰብስቦ አስረዳን።

"መንገዱን ማንም አይነግረውም። ኒውራል ኔትወርክ የሚባል የሚማር ፕሮግራም አለው፤ ብዙ ፎቶ አይቶ ተምሯል። ካሜራው የሚያየውን እየተከተለ መንገዱን እዚያው በዚያው ራሱ ይመርጣል።"

"ሰው ሲያይስ?" አለችው አጠገቤ የምትሠራው የቤንች ተወላጇ ዘነበች።

"ይቆማል፣ ወይ ይዞራል። ከባሎቻችሁ ይሻላል፤ አይገፋችሁም!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጥቁር እንደለበስኩ ነበር። አልሳቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ካፊያ ጣለ። ካፊያ ሲጥል መጀመሪያ ቡናው ላስቲክ ይለብሳል፤ ሰው ቀጥሎ ነው። አልጋዎቹን ሸፍነን ስንጨርስ እንደ ልማዳችን የባዶ ጆንያ አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ከትተን ከራሳችን እስከ ወገባችን ደፋነው። እኔ የተንጠባጠበውን ቡና ከመሬት ለመልቀም በሁለት አልጋዎች መካከል ቁጭ አልኩ። ጀርባዬን ለመተላለፊያው ሰጥቼ ነበር።

ሮቦቱ ድምፁ ብዙም አይሰማም። የሰማሁት የዘነበችን ጩኸት ነው። "ተነሺ! ኧረ ተነሺ!" ዞር ሳልል ከጀርባዬ ገፍቶ ጣለኝ፤ ጎማው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወጣ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወደ መጋዘኑ ጉዞውን ቀጠለ።

መሐንዲሱ ሮጦ መጣ። ወደ እኔ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጋሪው ነው። አጥፍቶት ሲመለስ፣ "ማዘር፣ ጆንያ ደፍተው መንገድ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል?" አለኝ።

"ዝናብ አይታይህም?" አልኩት።

በዚያው ዕለት ቆይቶ፣ መሐንዲሱ ለማዘጋጃው ተቆጣጣሪ ሲያስረዳ ነገሩ ወጣ። ሮቦቱ መጀመሪያ መሬት ላይ የወደቀ ባዶ ጆንያ ባየ ቁጥር እየቆመ አስቸግሮት ነበር። ስለዚህ ባዶ ጆንያ ከሆነ ገፍቶ እንዲያልፍ አስተማረው። ሰው ነው ብሎ ያሳየው ፎቶ ደግሞ ሁሉም የቆመ ወይም የሚራመድ ሰው ነው። መሬት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ያውም ጆንያ የደፋ፣ አላሳየውም።

በማግስቱ እግሬን አስሬ እያነከስኩ ስገባ ተቆጣጣሪው ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ ጠበቀኝ። "ጣትሽን አሳርፊ፤ ለሪፖርት ነው" አለኝ። ዘነበች በምስክርነት አስቀድማ አሻራዋን አሳርፋለች። መሐንዲሱ አጠገቡ ቆሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው። ፍሬኑ እንደማይዝ ለአሠሪዎቹ ስንት ጊዜ ነግሯቸው ነበር። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለ አሠሪዎቹ ወረቀት አመጡልኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ወረቀቱ አደጋው በሾፌሩ ጥፋት እንደደረሰ ይላል። ማንበብ እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ ባሌን ጥፋተኛ አደረግሁት።

ስለዚህ ይኼኛውን ተቀበልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። "በተከለከለ ቦታ በራሴ ጥፋት ተቀምጬ ሳለሁ..."

"እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?" አለች ዘነበች። "ለሕክምናዋ ነው ብለኸኝ አይደል ጣቴን ያስነካኸኝ?"

ተቆጣጣሪው እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። "ማንበብ ትችያለሽ?"

"መጻፍም እችላለሁ። እስክሪብቶ ስጠኝ።"

በሌላ ወረቀት የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ። ባዶ ጆንያን ገፍቶ እንዲያልፍ ማን እንዳስተማረውም ጨመርኩበት። ለመሐንዲሱ ሰጠሁትና፣ "ፈርም" አልኩት።

"ማዘር፣ ይህን ከፈረምኩ ሥራዬን ነው የማጣው።"

"ያኛውን ብፈርም እኔስ ምን ልሆን ነበር?"

አልፈረመም። ግን ፎቶ ያስፈልገው ነበር፤ ቁጭ ብለን፣ ጆንያ ደፍተን እሱ ፎቶ ካላነሳን ሮቦቱ እኛን መለየት አይማርም። ዘነበች ሴቶቹን ዞራ አነጋገረቻቸው። "ካልፈረመ አንዲት ሴት እንዳትቀመጥለት!" አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራውን ይዞ በአልጋዎቹ መካከል ተንከራተተ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ፈረመ። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።

ከፈረምክ እቀመጥልሃለሁ ብዬው ነበርና፣ እኔም ቃሌን ጠብቄ ተቀመጥኩ። "ጎንበስ ይበሉ፣ ማዘር። አሁን ደግሞ ጀርባዎን ይስጡኝ።" ሰጠሁት። ነገ ዘነበችን እንዳይገጫት ብዬ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሲሞከር፣ ዘነበች ራሷ ጆንያ ደፍታ መተላለፊያው ላይ ቁጭ አለች። ሮቦቱ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ ወደ ኋላ ብሎ በሌላው መተላለፊያ ዞረ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። መሐንዲሱ ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለ። ፊቴን አዞርኩበት።

"ጥፋቱን አረመ እኮ፣ አሁንስ ይቅር በይው" ይሉኛል። የታረመው ጋሪው ነው። ልጁ ግን ያን ሁሉ ፎቶ ሲያነሳኝ፣ እግርሽ እንዴት ነው ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።